ጉዛራ ወይስ ጎርጎራ?

በባሕር ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ ያለ ደመወዝ አስጎብኚ ነው። መስቀል ወይም ጥምቀት ሲቃረብ ከአዲስ አበባ የአክስት ልጅ ይመጣል፤ ከባሕር ማዶም የቆየ ጓደኛ ይመጣል። አንዱ ቀን ለጢስ ዓባይ፣ አንዱ ቀን ለዘጌና ለደሴት ገዳማቱ ይሰጣል። በሦስተኛው ቀን እንግዳው ዓሣውን በልቶ ሲያበቃ «ግንቡስ?» ይላል። ግንብ ሲባል በሁሉም ሰው አእምሮ የሚመጣው ጎንደር ነው። ጎንደር ግን ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በዚያ ያለው ነገርም በጥቂት ሰዓት ታይቶ የሚያልቅ አይደለም። በሩጫ ደርሶ የተመለሰ ሰው ይዞት የሚመጣው የራሱን ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

እኔ እንዲህ ላለው እንግዳ ከጎንደር በፊት የነበረውን ጎንደር እንዲያይ እመክራለሁ። አፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን መናገሻ ከማድረጋቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት በጣና ዙሪያ ሲዘዋወሩ ኖረዋል፤ ክረምቱን የሚያሳልፉባቸው ቦታዎችም ነበሯቸው። ከነዚህ መካከል ሁለቱ ዛሬም ግድግዳቸው ቆሞ ይታያል። አንዱ ከሐይቁ በስተምሥራቅ፣ እንፍራዝ አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ የሚገኘው ጉዛራ ነው። ሁለተኛው በሰሜናዊው ዳር፣ ከጎርጎራ ከተማ ወደ ምዕራብ በሚገኝ ልሳነ ምድር ላይ ያለው፣ ሕዝቡ ማርያም ግንብ ወይም የሱስንዮስ ግንብ እያለ የሚጠራው ፍርስራሽ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የጥንቱ ዘመን ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ የቅርቡን ዘመን በእኛው አቆጣጠር ስጽፍ «ዓ.ም.» እላለሁ።)

ቀን የተረፈው ሰው ሁለቱንም ይይ። ጥያቄው አንድ ቀን ብቻ ለቀረው ሰው ነው። ወደ ጉዛራ የሚወስደው መኪና ነው፤ ወደ ማርያም ግንብ የሚወስደው ጀልባ ነው። አንዱን መምረጥ ግድ ይላል።

ሁለቱም እንደ ተራ ፍርስራሽ የሚታዩ አይደሉም። በ1972 ዓ.ም. ዩኔስኮ «ፋሲል ግቢ» ብሎ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጎንደርን ቤተ መንግሥት ብቻ አልነበረም። የፋሲል መዋኛ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴና ቁስቋም በዚያው መዝገብ ውስጥ ሲገቡ፣ ጉዛራና ማርያም ግንብም አብረው ገብተዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ተጽፎ በራሱ አገር ሰው ዘንድ ስሙ የማይታወቅ ቅርስ ስንት ይሆን?

ከጉዛራ እንጀምር። ከባሕር ዳር ወጥተው ሐሙሲትን፣ ወረታን፣ አዲስ ዘመንን አልፈው ወደ ጎንደር ከሚወስደው መንገድ ሁለት ሦስተኛውን ያህል እንደሄዱ እንፍራዝ ይደርሳሉ። መንገዱ ጉማራንና ርብን የሚሻገር፣ የፎገራን ሜዳ የሚያቋርጥ ነው። ግንቡ ከአውራው ጎዳና ብዙም አይርቅም፤ የሚያስቸግረው ዳገቱ ነው። ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ግን ንጉሡ ለምን ይህን ቦታ እንደመረጡ ለማወቅ የታሪክ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። ከፊት ለፊት ሜዳው፣ ከሜዳው ወዲያ ጣና ተዘርግቶ ይታያል። ከየትም በኩል የሚመጣ ጦር ገና ከሩቅ አቧራው ይለየዋል።

ባህሉ ግንቡን የሚሰጠው ለአፄ ሠርፀ ድንግል ነው። እኒህ ንጉሥ በ1563 ገና በልጅነታቸው ዙፋን ላይ ወጥተው እስከ 1597 ድረስ 34 ዓመት ነግሠዋል። የተረከቡት አገር ከግራኝ ጦርነት ያላገገመ ነበር። ቱርኮች በ1557 ምጽዋን ይዘዋል፤ የኦሮሞ እንቅስቃሴ ከደቡብ እየገፋ ነው፤ የሰሜኑ ገዢ ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ አንድ ጊዜ ከንጉሡ፣ አንድ ጊዜ ከቱርኮች ጋር እየሆነ ያስቸግራል። ሠርፀ ድንግል በ1570ዎቹ መጨረሻ ወደ ትግራይ ዘምተው ይስሐቅንና ቱርኮቹን አሸነፉ፤ በደባርዋ የነበረውንም የቱርክ ምሽግ አፈረሱ። ከዚያ በኋላ የመንግሥቱ የስበት ማእከል ከሸዋ ርቆ በጣና ዙሪያ ረጋ። ንጉሡም ጉባኤ ይባል በነበረው በዚሁ በእንፍራዝ አካባቢ ይከርሙ ነበር።

የዚህን ትርጉም ለመረዳት የነገሥታቱ ቤት እስከዚያ ዘመን ምን እንደነበረ ማስታወስ ይበጃል። ቤታቸው ድንኳን ነበር። የንጉሥ ከተማ ማለት በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው፣ ፈረስና በቅሎ፣ ታቦትና ወጥ ቤት፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ የሚሰፍርበት ግዙፍ ሰፈር ነው። አካባቢው ማገዶ ሲያልቅበት፣ ገበሬውም ቀለብ ማቅረብ ሲያቅተው፣ ሰፈሩ ተነቅሎ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ በድንጋይ የሚሠራ ቤት ትልቅ ውሳኔ ነው። ድንጋይ አይነቀልም፤ በበቅሎ አይጫንም። ያን ቤት ያሠራ ንጉሥ «ተመልሼ እመጣለሁ» ማለቱ ነው።

ሕንጻው ራሱ ያን ያህል ትልቅ አይደለም። ባለ አንድ ፎቅ፣ አራት ማእዘን ቤት ነው፤ በማእዘኑ ክብ ማማ አለው፤ ዙሪያውን ግቢውን የሚከብበው ግንብ ነበረ። በኋላ የፋሲልን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ጉዛራን ሲያይ ወዲያው ይገባዋል። ታላቅ ወንድሙን የሚመስል ትንሽ ልጅ ነው እንዳልል፣ በዕድሜ የሚበልጠው ትንሹ ነው ይባላል። ክርክሩም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ከግንቡ ሥር ከብት ሲጠብቁ ያገኘኋቸውን አዛውንት «አባባ፣ ይህን ግንብ ማን አሠራው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሠርፀ ድንግል ናቸዋ! ሌላ ማን ይሆናል ልጄ?» አሉኝ። በአነጋገራቸው ውስጥ ጥርጣሬ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም ጥያቄው ራሱ ትንሽ ያስቀየማቸው ይመስላል። ሊቃውንቱ ግን እንደ አዛውንቱ አልተስማሙም። ግንቡን በ1570ዎቹና በ1580ዎቹ የሚያኖሩ አሉ፤ ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን የሚያወርዱትም አሉ። ነገሩ የዓመታት ቆጠራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለሙያዎቹ ትተነው መሄድ በቻልን ነበር። ነገር ግን ጉዛራ በእርግጥ የሠርፀ ድንግል ከሆነ፣ የጎንደር የግንብ ጥበብ ካቶሊካውያን ሚስዮናውያን በቤተ መንግሥት ተደማጭነት ከማግኘታቸው በፊት በአገሩ ንጉሥ ተጀምሯል ማለት ነው። ካልሆነ ደግሞ መጀመሪያውን ፍለጋ ወደ ጎርጎራ መሻገር ይኖርብናል።

እንሻገር።

በ1603 ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ኢትዮጵያ ገባ። ቀደም ሲል ወደዚህ ሲመጣ በየመን ተይዞ ለዓመታት በምርኮ ኖሯል። ትዕግሥተኛና ቋንቋ አዋቂ ነበር፤ ግእዝና አማርኛ ተማረ፤ በ1607 ከነገሡት ከአፄ ሱስንዮስ ጋርም ወዳጅ ሆነ። በ1618 ከንጉሡ ጋር ሆኖ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ ጽፏል። ከ150 ዓመት በኋላ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ያንኑ ምንጭ «መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ» ሲል የፓኤዝን ምስክርነት ለማጣጣል ብዙ ቀለም ጨርሷል።

ፓኤዝ ግንበኛም ነበር። በ1614 ንጉሡ በጎርጎራ፣ ሐይቁ ከሦስት በኩል በሚከብበው ምድር ላይ ቤተ መንግሥት እንዲሠራላቸው አዘዙት። እንደ ማኅበሩ ጸሐፊዎች አገላለጽ መዶሻውንና መሮውን ሳይቀር እንዴት እንደሚሠሩ ለአገሩ ባለሙያዎች ያሳየው እርሱ ነበር። ድንጋዩ ተጠረበ፤ ምድር ቤቱ አለቀ፤ ከላዩ ሌላ ቤት መሠራት ጀመረ። ሰዉም ለማየት ከየአቅጣጫው ይመጣ ነበር። ያዩትን ምን ብለው እንደጠሩትም እነዚያው ጸሐፊዎች ጽፈዋል፤ በላቲን ፊደል፣ ግን በአማርኛ ቃል፦ «በቤት ላይ ቤት»።

እኔ ይህን ቃል በባዕድ መጽሐፍ ውስጥ ሳገኘው ደስ አለኝ፤ የ400 ዓመት አማርኛ ነው፤ ዛሬ ባሕር ዳር ገበያ ብንለው ማንም ይገባዋል። ቀጥሎ ግን ጥያቄ መጣብኝ። በ1614 ጎርጎራ ላይ ፎቅ ቤት ያየ ሰው እንዲህ ከተደነቀ፣ ከሐይቁ ወዲህ ማዶ በጉዛራ ላይ ከ30 ዓመት በፊት ፎቅ ቤት ነበረ የሚባለው እንዴት ነው? አላዩትም? አልሰሙም?

የጉዛራ ጠበቆች መልስ አላቸው። ጽሑፉ የኢየሱሳውያን ነው፤ የወንድማቸውን ሥራ ማግነናቸው አይቀርም። ደግሞም ተራ ሰው የንጉሥ ግቢ ገብቶ ፎቅ የሚቆጥርበት ዘመን አልነበረም። ይህ እኔንም ያሳምነኛል። የሚያስቸግረው ኖራው ነው። እነዚያው ጸሐፊዎች በ1620ዎቹ መጀመሪያ የኖራ ድንጋይ እስኪገኝ ድረስ የሚሠሩት ድንጋዩን በጭቃ እያያያዙ እንደነበር ይናገራሉ። የጉዛራ ግድግዳ ግን በኖራ የተያዘ ነው። ግንቡ የሠርፀ ድንግል ከሆነ ኖራውን የሚያቦካ ሰው ከዬት መጣ? ንጉሡ በደባርዋ የቱርኮችን ምሽግ አይተዋል፤ ከክርስቶፎሮስ ደ ጋማ ጋር በ1541 የገቡት ፖርቱጋሎች ልጆችም በዚሁ በጣና ዙሪያ ይኖሩ ነበር። ስለዚህ ከነዚህ በአንዱ በኩል መጣ ማለት ይቻላል። እኔ ግን የሚመስለኝ ሌላ ነው፦ ቦታውና የመጀመሪያው ቤት የሠርፀ ድንግል ይሆናል፤ ዛሬ የምናየው ግድግዳ ደግሞ በኋለኞቹ ነገሥታት ጊዜ የታደሰ ወይም እንደገና የተሠራ ሊሆን ይችላል። እንፍራዝ ከሠርፀ ድንግል ጋር የሞተ ቦታ አልነበረም፤ በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን፣ በ1700፣ ያለፈው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ እንኳ ከተማውን አድንቆ ጽፏል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ አዛውንቱ ቢሰሙኝ ከከብቱ ጋር ያባርሩኛል።

ወደ ጎርጎራ ስንመለስ አንድ የሚደባለቅ ነገር አለ። ፓኤዝ በ1614 የጀመረው ቤተ መንግሥትና ዛሬ ማርያም ግንብ የምንለው ፍርስራሽ አንድ አይደሉም። ፓኤዝ የሠራው ቀድሞ ጎርጎራ በሚባለው ቦታ ነው። እርሱም በ1622 እዚያው ጎርጎራ አረፈ። ዛሬ ግድግዳው የሚታየው ሕንጻ የተሠራው ከእርሱ በኋላ፣ በ1620ዎቹ፣ ሚስዮናውያኑ «አዲስ ጎርጎራ» ባሉት ስፍራ ነው። ቤተ ክርስቲያንና መኖሪያ ነው። አስጎብኚው «ይህ ፓኤዝ የሠራው የሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ነው» ቢልዎት አይቆጡ፤ ሁሉም እንዲሁ ይላል። በዚሁ በባሕር ዳር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለው ባለ ፎቅ ግንብም የፓኤዝ ነው እየተባለ ይነገራል። በጣና ዙሪያ ድንጋይ ላይ ድንጋይ ተደርቦ ከታየ ወይ ፋሲል ነው ወይ ፖርቱጋል ነው፤ ሦስተኛ መልስ የለም።

በዚያ ግድግዳ ላይ ግን የጠራቢ እጅ በግልጽ ይታያል። ጉዛራ የወታደር ቤት ነው፤ ጠንካራና ቁጥብ። ማርያም ግንብ የተሠራው ለዓይን ነው። በድንጋዩ ላይ አበባ ተቀርጾበታል፤ ቅስቱ በልክ ተጠርቧል፤ የግድግዳው ጌጥ በሊዝበንና በጎዋ ከነበሩ አብያተ ክርስቲያናት ጋር የሚዛመድ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት ሠራተኞችም ከአንድ አገር የመጡ አልነበሩም። ሱስንዮስ በደንቀዝ ላሠሩት ቤተ መንግሥት ከህንድና ከግብጽ የመጡ ባለሙያዎች እንደሠሩ ተመዝግቧል። ድንጋዩን የፈለጠው፣ የተሸከመው፣ ኖራውን ያቦካው ግን የደንቢያና የአካባቢው ሰው ነው፤ የእርሱን ስም የጻፈ የለም።

ሕንጻው የቆመበትን ዘመን ማሰብ ደግሞ ደስ አያሰኝም። ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውን በይፋ አስታወቁ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሲሞት ትዕግሥቱም አብሮት ተቀበረ ማለት ይቻላል። እርሱን የተከተለው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ቸኳይ ሰው ነበር። በየካቲት 1626 ንጉሡ በደንቀዝ ለሮም ጳጳስ ታዛዥነታቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ቀጥሎም ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ ተባለ። አንድ ሺህ ዓመት በላይ ክርስቲያን የነበረን ሕዝብ «ጥምቀትህ ጥምቀት አይደለም» ማለት ምን እንደሚያስከትል ለመገመት ትንቢት አያሻም።

አገሩ ተነሣ። ላስታ ሸፈተ። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የንጉሡን የጦር አለቃ ባሏን ትታ ወጥታ በጣና ገዳማት ተቃውሞውን አስተባበረች፤ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር ያለው የቋራጣ ማኅበርም ከእርሷ ስም ጋር የሚነሣ ነው። በ1632 ሱስንዮስ በወይና ደጋ የላስታን ሠራዊት ድል አደረጉ፤ በዚያ ቀን ብቻ 8 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይነገራል። መኳንንቱ ንጉሡን ወደ ሬሳው መሐል ወስደው፣ የወደቁት ሁሉ ክርስቲያንና የራሳቸው ወገን መሆናቸውን እንዳሳዩዋቸው ተጽፏል። ንጉሡ ከድሉ በኋላ የአባቶችን ሃይማኖት በአዋጅ መለሱ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። በዚያው ዓመት ሞተው በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ። ፋሲልም ኢየሱሳውያኑን መጀመሪያ ወደ ትግራይ ፍሬሞና፣ ቀጥሎም ከአገር አስወጧቸው።

እንግዲህ ማርያም ግንብ የዚያ አሥር ዓመት ልጅ ነው። ከጎርጎራ በጀልባ ሲወስደኝ የነበረው ወጣት ስለ ደብረ ሲና ማርያም ጠይቄው ብዙ ነገረኝ። የሣር ክዳኗን፣ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎቿን፣ ሥዕሎቹን ከሚያነሣቸው ከፋሲል እኅት ከመላኮታዊት ጋር እያያዘ አወራልኝ። ስለ ግንቡ ስጠይቀው ግን «እሱማ የፈረንጆች ነው ጋሼ» ብሎ ወሬውን ጨረሰ። በጉዛራ የአዛውንቱን ድምፅ ለሰማ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። ጉዛራ ባለቤት አለው፤ የራሳችን ንጉሥ፣ ቱርክን ያሸነፈ፣ ሃይማኖቱን ያልለወጠ። ማርያም ግንብ በአስታዋሾቹ ዘንድ ወላጅ የለውም። ቤተ ክህነት የእኔ ነው አትለውም፤ የሠሩት ማኅበርተኞች ከተባረሩ ከ390 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ንጉሡም በሕዝቡ ትረካ ውስጥ ምላሱ ተጎልጉሎ የሞተ ከሐዲ ነው።

ፋሲል ራሳቸው ግን እንዲህ አላደረጉም። የሮምን ሃይማኖት ከአገር አስወጡ፤ ኖራውን፣ ቅስቱን፣ በቤት ላይ ቤት የመሥራቱን ዘዴ አስቀሩ። ከአባታቸው ሞት በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ጎንደር ላይ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ማማው እንደ ጉዛራ ክብ፣ ግድግዳው በኖራ የተያዘ ነው። የሠሩትም በሱስንዮስ ዘመን ሙያውን የለመዱ እጆች መሆን አለባቸው፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ግንበኛ ከሰማይ አይወርድም። ሃይማኖቱን የጠሉት ንጉሥ ሙያውን ሳይጠሉ የቀሩትን እኛ ድንጋዩን ለምን እንደምንጠላ አይገባኝም።

ምርጫዬ ወደየት እንዳዘነበለ አንባቢ ሳይረዳው አልቀረም። ለመንገዱ ቅለት፣ ለእይታው፣ ልጆችና አዛውንት ይዞ ለሚሄድ ሰው ጉዛራ ይበልጣል፤ ይህን አልክድም። እኔ ግን አንድ ቀን ቢሰጠኝ ወደ ማርያም ግንብ እሄዳለሁ፤ ምክንያቴም ጉዛራ በሚቀጥለው ዓመትም ይጠብቀኛል ብዬ ስለማምን ነው። ለማርያም ግንብ ይህን ለማለት አልደፍርም። የጣሊያን አጥኚዎች በወረራው ዘመን ያነሷቸው ፎቶግራፎች ላይ የሚታየው ግድግዳና ቅስት ብዙው ዛሬ የለም። ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የስፔን አርኪዮሎጂስቶች በአዘዞ፣ በደንቀዝና በጎርጎራ ዓመታት የፈጀ ጥናት አካሂደው በ2017 እ.ኤ.አ. ወፍራም መጽሐፍ አሳትመዋል፤ የቀረውን በመለካትና በመሣል ትልቅ ውለታ ውለዋል። መጽሐፍ ግን ግድግዳ አይደግፍም። የቁልቋልና የዋርካ ሥር ድንጋዩን ይፈለቅቃል፤ ክረምቱ ኖራውን ያጥባል፤ በየዓመቱ ጥቂት ድንጋይ ይወርዳል።

በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ «ገበታ ለሀገር» ሲታወጅ ከተመረጡት ሦስት ቦታዎች አንዱ ጎርጎራ ነበር፤ በሐይቁ ዳርም ትልቅ መዝናኛ ተሠርቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፋሲል ግቢ ሰፊ እድሳት ተካሂዶበታል። ጎርጎራ ድረስ ለመዝናናት የሚመጣ ሰው ከዚያ በጀልባ አጭር መንገድ ላይ ያለውን የዓለም ቅርስ ሳያይ ቢመለስ የሚያስቆጭ ነው። በአንድ መዝገብ ከተጻፉት መካከል ታላቁ ሲታደስ ታናናሾቹ ለምን እንደሚዘገዩ መጠየቅም ተገቢ ይመስለኛል። የመዝገቡ ስም «ፋሲል ግቢ» ስለሆነ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል መሰል።

ለመሄድ ለሚነሣ ሰው ጥቂት ነገር ልጨምር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ጎብኚውን አርቆታል፤ በየብስም በውኃም ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው ይጠይቁ፤ «አይሆንም» ካሉዎት አይከራከሩ። ለብዙ ዓመታት በሳምንት አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ኮንዝላ አድሮ በማግሥቱ ጎርጎራ የሚገባ መርከብ ነበር፤ እንደ እርሱ ያለ ጉዞ ላገኘ ሰው ሌላ ምክር አያስፈልገውም። በፈጣን ጀልባ የሚሄድ ጎህ ሳይቀድ መነሣት አለበት፤ ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል፤ ማዕበሉም ለዋዛ የሚሆን አይደለም። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሰሜናዊውንና ምሥራቃዊውን ዳር የወረረው እምቦጭም አንዳንድ ጊዜ መውረጃውን ይዘጋዋል፤ ስለዚህ ባለ ጀልባው ቦታውን የሚያውቅ ይሁን። ዋጋውን የደርሶ መልስ ብለው፣ በግንቡ የሚቆዩበትን ሰዓት ጨምረው፣ ሳይሳፈሩ ይስማሙ። ውኃና ምሳ ይያዙ፤ በዚያ የሚሸጥ ነገር የለም። ከወረዱ በኋላ በቁጥቋጦው መሐል ጥቂት ይራመዳሉ። አበባ የተቀረጸባቸውን ድንጋዮች ለማየት ከሆነ መሬት የወደቁትን ጭምር ይመልከቱ፤ ከቅስቱ ሥር ግን አይቁሙ።